ኑርቡርግሪንግ ላይ የተያዘ ሰዓት እንዴት ይነበባል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሬኖ ሜጋን አርኤስ ትሮፊ-አር በ2019 ኑርቡርግሪንግን በ7:40.100 ዞረች ተባለ። በ2023 ደግሞ ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ-አር በ7:44.881 ዞራ የፊት ጎማ ነጂ መኪኖችን ሪከርድ ሰበረች ተባለ። አራት ሰከንድ ከምናምን ዘግይቶ እንዴት ሪከርድ ይሰበራል? ደግሞስ ይሄ ሁሉ ሙከራ ለማስታወቂያ ነው ወይስ ለመኪናው የሚጨምረው ነገር አለ? ተራ ሰውም እዚያ መንዳት ይችላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄህ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው ላይ ግን ካስጀመርከኝ አላቆምም። ሥራዬ የመኪና ፍሬንና ሱስፔንሽን (ሞላና ሾክ አብዞርበሩ) ነው፤ ኑርቡርግሪንግ የሚባለው ይህ የጀርመን የመኪና ውድድር ትራክ ደግሞ ለእኛ ሙያ ትልቁ መፈተኛ ነው። ሦስተኛውን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጉዳዩ የርዝመት ነው። ሁለቱ ሰዓቶች የተያዙት እኩል ርቀት ላይ አይደለም። ኖርድሽላይፈ የሚባለው የድሮው ትልቁ ዙር ሙሉ ርዝመቱ 20.832 ኪሎ ሜትር ነው። አምራቾች ግን ለብዙ ዓመታት ሰዓት ሲይዙ የኖሩት በ20.6 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ቲ13 ከሚባለው የተመልካቾች መቀመጫ ፊት ለፊት ያለችውን አጭር ቀጥታ መንገድ አይቆጥሯትም ነበር። በ2019 የትራኩ አስተዳደር ነገሩን ሥርዓት አስያዘው። ከዚያ ወዲህ ዋናው ሰዓት የሙሉው ዙር ሰዓት ነው። ሲያዝ ሰነድ አረጋጋጭ ይገኛል። መኪናዋ ለገበያ ከምትቀርበው ጋር አንድ መሆኗ ይመረመራል። ከዚያ በየመደቧ ትመዘገባለች።

ሜጋን የሞከረችው ልክ ልማዱ በሚቀየርበት ዓመት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰዓት አላት። በ20.6 ኪሎ ሜትሩ 7:40.100፣ በሙሉው ዙር ደግሞ 7:45.389። አንተ ያየኸው የመጀመሪያውን ነው። የሆንዳዋ 7:44.881 ግን የሙሉው ዙር ሰዓት ነው። እኩል ርቀት ላይ ስታስተያያቸው ሆንዳ በግማሽ ሰከንድ ትቀድማለች። ያቺ የተዘለለችው 232 ሜትር ለሜጋን 5.289 ሰከንድ ወስዳባታለች፤ ይህ በአማካይ ወደ 158 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይመጣል። አለቀ። ማንም ማንንም አላጭበረበረም፤ ወሬውን የሚያቀብሉት ሰዎች ናቸው ርቀቱን ሳይጽፉ ያለፉት።

ይህ ነገር ብዙ ሰው ይሸውዳል። የቀድሞዋ ሲቪክ ታይፕ-አር በ2017 የያዘችው 7:43.80 ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው አዲሲቱ ሲቪክ ከአሮጊቷ በአንድ ሰከንድ ባሰች ብሎ ይስቃል። የ2017ቱ ግን የአጭሩ ዙር ሰዓት ነው። አምስት ሰከንድ ገደማ ጨምርበትና አስላው፤ አዲሷ ወደ አራት ሰከንድ ትቀድማለች። ስለዚህ ከ2019 በፊት የተያዘ ሰዓት ስታይ መጀመሪያ የምትጠይቀው «በየትኛው ርቀት?» ብለህ ነው። በጣም ፈጣን ለሆኑ መኪኖች የሚጨመረው ትንሽ ያንሳል። ፖርሽ 911 ጂቲ2 አርኤስ ማንታይ የተባለው ድርጅት የሚሠራው የማፍጠኛ ዕቃ ተገጥሞላት በ2021 ስትሞከር በአጭሩ 6:38.835፣ በሙሉው 6:43.300 ይዛለች። ልዩነቱ አራት ሰከንድ ተኩል አይሞላም።

አሁን ወደ ዋናው። ማስታወቂያ ነው ወይስ ሥራ? ሁለቱም ነው፤ ግን እኩል አይደሉም። በጋዜጣ የሚወጣው ያ አንድ ዙር በአብዛኛው ማስታወቂያ ነው። ከዚያ ዙር በፊት ካሜራ ሳይኖር የሚነዳው በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው መኪናዋን የሚሠራት። ይህን ለማስረዳት ትራኩን ራሱን ማወቅ አለብህ።

ኑርቡርግሪንግ ያለው ምዕራብ ጀርመን፣ አይፈል በሚባለው ተራራማ አካባቢ ነው። የተከፈተው በ1927 ነው። ያኔ ሰዎች ትራክ ሲሠሩ መሬቱን አልደለደሉም። ተራራው ወደ ሄደበት መንገዱን አስከተሉት። ውጤቱ 73 ኩርባ ያለው፣ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ነጥብ መካከል ወደ 300 ሜትር የከፍታ ልዩነት ያለው ዙር ሆነ። በብዙ ቦታ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ብረት አጥሩ ያለው ሣር ጠባብ ነው። የዘመኑ ትራኮች ስትስት የምታርፍበት ሰፊ ሜዳ ይሰጡሃል። እዚህ ያ የለም።

የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪው ጃኪ ስቱዋርት በ1968 በጉምና በዝናብ ውስጥ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ አሸንፎበታል። «አረንጓዴው ሲኦል» የሚለው ስምም ከእሱ ነው የመጣው። በ1976 ኒኪ ላውዳ በርግቨርክ ከሚባለው ኩርባ በፊት ተጋጭቶ በእሳት ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ፎርሙላ ዋን ወደ ትልቁ ዙር አልተመለሰም። በ1984 አጠገቡ አጭር ዘመናዊ ትራክ ተከፈተ። ትልቁ ዙር ግን አልሞተም። የረጅም ሰዓት ውድድሮች እስከ ዛሬ አሉበት፤ አምራቾችም የሙከራ ሜዳቸው አድርገውታል።

ለምን እዚያ? ጀርመን ውስጥ ሌላ ትራክ ጠፍቶ አይደለም። ምክንያቱ መንገዱ መጥፎ መሆኑ ነው፤ በጥሩ ትርጉሙ መጥፎ። ለስላሳ ትራክ ላይ ሞላውን እያጠነከርክ በሄድክ ቁጥር መኪናዋ እየፈጠነች ትሄዳለች። ኖርድሽላይፈ ላይ እንደዚያ ብታደርግ ሃትሰንባኽ ያሉት ተከታታይ ኩርባዎች ላይ መኪናዋ እየዘለለች ጎማዋ አስፋልቱን መልቀቅ ይጀምራል። ጎማ ካልነካ ደግሞ ፍሬንም መሪም የለህም። በጣም ካለሰለስከውስ? ፉክስሮረ ይጠብቅሃል። ቁልቁል በሙሉ ፍጥነት ወርደህ ታች ድንገት ወደ ዳገት የምትቀየርበት ቦታ ነው። መኪናዋ ወደ መሬት ትጫናለች፣ ሱስፔንሽኑ እስከ መጨረሻው ይታጠፋል፣ ሆዷ አስፋልት ይልሳል። እዚያው ላይ መሪ መያዝ አለብህ። ስለዚህ መሐንዲሱ በሁለቱ መካከል ያለችውን ቀጭን መስመር መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ካሩሰል ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ወደ ውስጥ ያዘነበለ የኮንክሪት ኩርባ ነው። መኪናዋ ጉድጓድ እንደገባች ሆና ነው የምትዞረው። ኮንክሪቱ በመጋጠሚያዎች የተከፋፈለ ስለሆነ ጎማውን ይቀጠቅጠዋል። ሾክ አብዞርበር ሥራው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መቀየር ነው። እንዲህ ሲደበደብ ውስጡ ያለው ዘይት ይሞቃል፣ ይቀጥናል፣ የመያዝ አቅሙም ይወርዳል። አንድ ዙር ላይ ላታውቀው ትችላለህ። ዙሩ ሲደጋገም ግን ሹፌሩ «መኪናዋ መዋኘት ጀመረች» ብሎ ይመለሳል።

ፍሉግፕላትስና ፍላንትስጋርተን በሚባሉት ቦታዎች ላይ የሚፈተነው ተቃራኒው ነው። መንገዱ ጉብ ብሎ ከሥርህ ይወርዳል። መኪናዋ ትቀልላለች፣ አንዳንዴም ጎማዎቿ ከመሬት ይነሳሉ። እዚያ ቅጽበት ላይ ሹፌሩ ነዳጅ እየሰጠ ከሆነ ጎማው አየር ላይ በባዶ ይፈተለካል። ወርዶ አስፋልት ሲይዝ ያ ሁሉ ሽክርክሪት በአንድ ጊዜ ይቆማል። ድንጋጤው የሚሄደው ወደ ሽክርክሪት ዘንጎቹ፣ ወደ ዲፈረንሻሉና ወደ ኩሺኔቶቹ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ይህንን የሚያስመስል ማሽን አለ። ቢሆንም ከማሽኑ ይልቅ እነዚህ ጉብታዎች ያልታሰበ ነገር ያሳዩሃል።

ወደ ፍሬን ልምጣ፣ ወደ ሥራዬ። አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 1,600 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከ250 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትወርድ 3.2 ሜጋጁል ገደማ ጉልበት ከመንቀሳቀስ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ጥቂቱን የአየሩ ግፊት ይወስዳል፣ የቀረው ዲስኩ ላይ ያርፋል። ይህ በ4 ሰከንድ ካለቀ በአማካይ 800 ኪሎዋት ነው። ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ማለት ነው። አየህ፣ በፈጣን መኪና ላይ ከሞተሩ የሚበልጥ ጉልበት የሚያስተናግደው ፍሬኑ ነው። ማስታወቂያ ላይ ግን የሚጻፈው የሞተሩ ብቻ ነው፤ ይሄ ሁሌ ያናድደኛል።

እዚህ ላይ ቁልቁለቱን ጨምርበት። ከመነሻው እስከ ብራይድሻይድ ድረስ ያለው የዙሩ የመጀመሪያ ክፍል በጥቅሉ ወደ 300 ሜትር ይወርዳል። ያው 1,600 ኪሎ መኪና ይህን ከፍታ ስትወርድ 4.7 ሜጋጁል ተጨማሪ ጉልበት ታገኛለች። ይህም የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከአሬምበርግ ጀምሮ እስከ ቬርዛይፈን ፍሬኑ ደጋግሞ ይረገጣል፤ በመሀል ለመቀዝቀዝ በቂ ጊዜ አያገኝም። ዲስኩ ይግላል። የፍሬን ሸራው የተሠራበት ውህድ ከልኩ በላይ ሲሞቅ መያዝ ያቆማል። ሙቀቱ ከሸራው አልፎ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይገባል።

የፍሬን ዘይቱ ነው ዋናው አደጋ። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ችግሩ ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። እርጥበት ከያዘ በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ሲፈላ የእንፋሎት አረፋ ይፈጥራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፣ አረፋ ግን ይጨመቃል። ሹፌሩ ይረግጣል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናዋ አትቆምም። ለዚህ ነው ትራክ ላይ የሚነዳ ሰው ስለ ፈረስ ጉልበት ከማውራቱ በፊት የፍሬን ዘይቱን መቼ እንደቀየረ የምጠይቀው። ካርቦን ሴራሚክ ዲስክም የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀት ይችላል፣ ከብረቱ ዲስክም በብዙ ይቀላል። ክብደቱ ደግሞ ከሞላው በታች ያለ ክብደት ስለሆነ ጎማው መንገዱን እንዲከተል ይረዳዋል።

ከብራይድሻይድ በኋላ ጨዋታው ይገለበጣል። እስከ ሆኸ አኽት ድረስ ዳገት ነው። በተለይ ከበርግቨርክ ወጥተህ ኬስልሸንን ስትይዝ ነዳጁ ለረጅም ጊዜ እስከ ወለሉ ይረገጣል። ፍሬኑ ያርፋል፣ ተራው የሞተሩ ይሆናል። የውሃው፣ የዘይቱና የካምቢዮው ሙቀት አብረው ይወጣሉ። ቱርቦ ያለው ሞተር የሚስበው አየር እየሞቀ ሲሄድ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። መኪናዋ አትቆምም፣ ግን ትደክማለች። በአጭር ትራክ ላይ ይህንን ላታየው ትችላለህ።

ዘይቱም ሌላ ጣጣ አለው። ረጅምና ፈጣን ኩርባ ላይ ከሞተሩ ሥር ኮፓው ውስጥ ያለው ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። መሳቢያው አየር ከሳበ የዘይት ግፊቱ ይወርዳል። ሁለት ሰከንድ እንኳ ለክራንክ ሻፍቱ ብረት ብዙ ነው። አንዳንድ ፈጣን መኪኖች ዘይታቸውን ኮፓ ውስጥ ሳይሆን በተለየ ታንከር የሚይዙት ለዚህ ነው። ታንከሩን ለማሳመር አይደለም የጨመሩት።

የኤሌክትሪክ መኪኖች ዙሩን ሲሞክሩ በጣም የምወደው ነገር አለ። ትራኩ በጣም ረጅሙን ቀጥታ፣ ዶቲንገር ሆኸን፣ ያስቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባትሪው በዳገቱ ላይ ሲጨመቅ ቆይቶ፣ በጣም በሞቀበትና ቮልቴጁ በወረደበት ሰዓት ነው «አሁን ያለህን ሁሉ ስጥ» የሚባለው። የማቀዝቀዣው ሥራ ደካማ ከሆነ እዚያ ላይ በግልጽ ይታያል። ከቆመበት ተነስቶ 100 ለመግባት ፈጣን የሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ሞልቷል። እዚህ ዶቲንገር ሆኸ ላይ ጉልበቱ ሳይወርድ የሚደርስ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ አምራቾች በጋራ ትራኩን የሚከራዩባቸው ሳምንቶች አሉ፤ «ኢንዱስትሪ ፑል» ይሉታል። በእነዚያ ቀናት የአንዱ ድርጅት መኪና የሌላውን ተቀናቃኝ እየተከተለች ትዞራለች። በጥቁርና ነጭ ተለጣፊ ቅርጻቸው የተደበቀ መኪኖችን ፎቶ የምታየው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ፎቶ አንሺዎቹ አጥሩ ሥር ካምፕ አድርገው ይጠብቃሉ። አንዳንድ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ቢኤምደብሊውና ሂዩንዳይ፣ እዚያው ትራኩ አጠገብ ቋሚ የሙከራ ማዕከል አላቸው። ሂዩንዳይ እንደሚለው አንድ የጽናት ፈተና 480 ዙር ነው። ይህ ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ድርጅቱ 180,000 ኪሎ ሜትር ተራ መንገድ ከሚያደርሰው ድካም ጋር ያስተካክለዋል። ይህ ንጽጽር ከድርጅት ድርጅት ይለያያል፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ትርፉ ሪከርዱ ላይ አይደለም። ትርፉ የተሰነጠቀው ብራኬት፣ የላላው ብሎን፣ ያፈሰሰው ጎሚኒ ላይ ነው። እነዚህ ነገሮች ይሻሻላሉ፣ ከዚያ አንተ የምትገዛው መኪና ላይ ይገባሉ። ማንም ግን «አንድ ብሎን ቀየርን» ብሎ ማስታወቂያ አይሠራም።

ሁሉም ነገር እዚያ አይፈተንም። ለከፍተኛ ፍጥነት ለምሳሌ ደቡብ ጣሊያን ያለው ናርዶ ይሻላል። 12.6 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ መንገድ ነው። ወደ ውስጥ ስላዘነበለ ውጪኛው መስመር ላይ በ240 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሪውን ሳትይዝ ልትሄድ ትችላለህ። ለተራ ምቾት፣ ለጉድጓድ፣ ለብርድ ደግሞ ሌሎች ሜዳዎች አሉ።

አሁን ያንን የሪከርድ ቁጥር ስታነብ ልብ የምትለውን ልንገርህ። 7 ደቂቃ ላይ ያለች መኪና አማካይ ፍጥነቷ ወደ 179 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። የሰባት ደቂቃ አንድ ከመቶ 4.2 ሰከንድ ነው። አንድ ከመቶ! ጎማ ብቻውን ከዚህ በላይ ሊያመጣ ይችላል። ብዙዎቹ ሪከርዶች የሚያዙት ለመንገድ በተፈቀደ ግን ለትራክ በተሠራ ጎማ ነው፤ ሚሽላን ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 አር አንዱ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ተለጥፎ ይሄዳል፣ ዝናብ ላይ ግን አልመክርህም። መኪናዋን ስትገዛ ያው ጎማ አብሮ ይመጣል ወይስ በተጨማሪ ክፍያ ነው? ይህን ጠይቅ።

የአየሩ ጠባይም አለ። መርሴዲስ-ኤኤምጂ ዋን በ2022 ኦክቶበር መጨረሻ ላይ 6:35.183 ያዘች። በ2024 ሴፕቴምበር ያችው መኪና ከዚያው ሹፌር ከማሮ ኤንገል ጋር 6:29.090 ያዘች። ስድስት ሰከንድ። በመጀመሪያው ጊዜ መንገዱ በአንዳንድ ቦታ ሙሉ በሙሉ አልደረቀም ነበር። አይፈል እንዲህ ነው፤ አንደኛው ጫፍ ፀሐይ ሆኖ ሌላኛው ጫፍ ይዘንባል። ቀዝቃዛ አየር ለሞተር ጥሩ ነው፣ ክንፉም መኪናዋን የበለጠ ወደ መሬት ይጫናታል። ጎማው ግን በጣም ከቀዘቀዘ አይሠራም። ስለዚህ ቡድኖች ትክክለኛዋን ሰዓት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ፕሮቶታይፕን (ለሙከራ ብቻ የተሠራ መኪናን) ለሽያጭ ከቀረበ መኪና ጋር አታምታታ። ሻኦሚ ኤስዩ7 አልትራ በ2024 በፕሮቶታይፕ 6:46.874 ያዘች። ስሟ ያው የሆነው ለሽያጭ የቀረበችው በ2025 የያዘችው 7:04.957 ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ልዩነታቸው 18 ሰከንድ ነው፤ በዚህ ትራክ ይህ የትየለሌ ነው። ከዚያም ራቅ ያሉት ጭራሽ የመንገድ መኪና አይደሉም። ስቴፋን ቤሎፍ በ1983 በፖርሽ 956 የያዛት 6:11.13 ለ35 ዓመት ሳትነካ ቆየች። በ2018 ቲሞ በርንሃርድ በፖርሽ 919 ሃይብሪድ ኢቮ 5:19.546 ዞረ። ያቺ መኪና የማንኛውም ውድድር ደንብ አልገደባትም፤ ከምትገዛው ፖርሽ ጋር የሚያገናኛት ነገር ቢኖር ባጁ ነው።

ሹፌሩስ? እዚህ ትራክ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። 20 ኪሎ ሜትር በቃል መያዝ ብቻ ሳይሆን የት ጋ ማመን እንዳለብህ ማወቅ ነው፤ ብዙ ጉብታ ላይ ከወዲያ ያለው አይታይህም። ስለዚህ አብዛኞቹ ድርጅቶች እዚያ ያደጉ የውድድር ሹፌሮችን ይቀጥራሉ። ሼቭሮሌ ግን በ2025 ኮርቬት ዜድአር1ኤክስን ያስነዳት በራሱ መሐንዲስ ነው፤ 6:49.275 መጣ። ይህን ሰዓት ከሌሎቹ በላይ ወድጄዋለሁ። መኪናዋን የሠራት ሰው ራሱ እስከ ጫፏ ሊነዳት ከቻለ፣ መኪናዋ ታምናለች ማለት ነው። ሹፌርን የምታስፈራ መኪና በወረቀት ምንም ያህል ብትፈጥን ሁለተኛ ዙር ላይ ሰዓቷን አትደግመውም።

አንድ ክርክር ሳላነሳ አላልፍም። «ኑርቡርግሪንግ መኪኖችን አደረቃቸው፣ ምቾት ጠፋ» የሚሉ አሉ። በከፊል እስማማለሁ። ለአንድ ዙር ሰዓት ብሎ ትንሽ የቤት መኪናን ሞላ ማጠንከር ሞኝነት ነው። ግን ጥፋቱ የትራኩ አይመስለኝም። ከላይ እንዳልኩህ ትራኩ ደረቅ መኪናን ይቀጣል። ጥፋቱ ትልቅ ቸርኬና ቀጭን ጎማ ካልገጠምን ያሉት የሽያጭ ሰዎች ነው። እዚያ በትክክል የተሠራች መኪና ጉድጓድ ላይ ትንፋሽ አላት፤ ሾኩ የመጀመሪያውን ምት ይውጣል፣ ከዚያ ይይዛል።

ወደ ሁለቱ መኪኖችህ ልመለስ። ሜጋን ትሮፊ-አር የኋላ መቀመጫ የላትም። ከመደበኛዋ ትሮፊ እስከ 130 ኪሎ ትቀላለች። ሪከርዱን የያዘችው ደግሞ ካርቦን ሴራሚክ ፍሬንና የካርቦን ቸርኬ ገጥማ ነው። ሲቪክ ታይፕ-አር የኋላ መቀመጫዋን ይዛ የምትሸጥ ባለ አምስት በር መኪና ናት፤ ለሙከራው ሚሽላን ካፕ 2 ኮኔክት ጎማ አደረገች። በመካከላቸው ያለው ግማሽ ሰከንድ ከዙሩ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። የንፋስ አቅጣጫ ቢቀየር ይገለበጣል። ለዚያች ግማሽ ሰከንድ ብዬ አንዷን አልመርጥም። የሆንዳዋን ሥራ ግን አደንቃለሁ፤ ወንበሯን ሳትጥል ነው እዚያ የደረሰችው።

የመጨረሻው ጥያቄህ፦ አዎ፣ ይቻላል። ትራኩ ለውድድር ወይም ለሙከራ ካልተያዘ በተወሰኑ ቀናትና ሰዓቶች ለሕዝብ ይከፈታል። በእነዚያ ሰዓቶች ክፍያ ያለበት ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ሆኖ ነው የሚታየው፤ የጀርመን የትራፊክ ሕግም ይሠራበታል። በቀኝ መቅደም ክልክል ነው። ሰዓት መያዝም ክልክል ነው። ቢፈቀድ እንኳ ሙሉውን ዙር አትይዘውም፤ መግቢያና መውጫው ዶቲንገር ሆኸ ላይ ስለሆነ ቀጥታው መሀል ላይ ይቆረጥብሃል። የብረት አጥሩን ከገጨህ የጥገናውን ዋጋ የምትከፍለው አንተ ነህ። ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ኢንሹራንስህ እዚያ ይሠራ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ብዙዎቹ አይሸፍኑም። የፍሬን ዘይትህንም ቀይር።